ማደንዘዣውን ለልጁ፣ በሽታውን ለዘራችን ለሰጡት ሐኪም

ለተከበሩ ዶክተር ሐቬአ፣ የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ፦

ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ መርፌ የሚይዘው እጅዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ፣ እርስዎ ካከሙን በኋላም ቢሆን፣ ደህና ነን።

አናሴይኒ እባላለሁ፤ ባለፈው ወር ያዋለዱት ሕፃን የአባቱ ታላቅ እህት ነኝ። ይህ በደሴታችን በልጁ ጉዳይ የመጨረሻው ቃል የእኔ ነው ማለት እንደሆነ ለቶንጋ ሰው አላስረዳም፤ እርስዎም አክስት አለዎት፣ ይፈሯታልም።

አንደኛ፣ የወንድሜ ሚስት ላቪኒያ ምጥ ሲጠናባት፣ የልጁ ራስ ሲቃረብ፣ ከታች ማደንዘዣ ስለወጓት እናመሰግናለን። ይሁንና ከወለደች በኋላ ሲሰፏት እየጮኸች "ኧረ መድኃኒቱ የት ገባ?" ብትልዎ "አይዞሽ፣ አሁን ይይዝሻል" አሏት። መያዙንስ ይዟል፤ የያዘው ግን ልጁን ነው። መርፌዎ እናቱን አልፎ የልጁን ራስ አግኝቶ፣ ሕፃኑ ዝልፍልፍ ብሎ ተወለደና ወዲያው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልጅ ሲወለድ እንዳያመው የሚያስብ ሐኪም በዕድሜዬ አላየሁም፤ ይባረኩ።

ሁለተኛ፣ "በዘራችሁ የሚጥል በሽታ አለ?" ብለው ሲጠይቁ ያ ሞኝ ወንድሜ ሴሚሲ "አጎታችን ፒታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከወንበር ይወድቃል" አለዎት፤ እርስዎም "የዘር በሽታ" ብለው ጻፉ። አጎቴ የሚወድቀው እኮ ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ ካቫ የሚሉትን የሚያፈዝ የሥር ጭማቂ ሲጠጣ አድሮ ስብከት ላይ እንቅልፍ ስለሚጥለው ነው! ይህ በሽታ ከሆነ፣ አብረውት ሲጠጡ ለሚያድሩት ወፍራም ድምፅ ያላቸው መዘምራን በሙሉ አልጋ ይያዝላቸው።

ሦስተኛ፣ የልጁን ራስ የኮኮናት ዘይት ስቀባ የመርፌ ቀዳዳ አግኝቼ ባሳይዎ "ትንኝ ናት" አሉኝ። ማኅፀን ድረስ ገብታ የምትነክስ ትንኝ ስላስተዋወቁን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

ልጁን ወዲያው ይዘን የሄድንባቸው የዋና ከተማው ሐኪሞች ግን በደሙ ውስጥ ማደንዘዣውን አገኙት፤ ማደንዘዣው ከደሙ ሲወጣ መንቀጥቀጡም ቆመ፣ እስከ ዛሬም አልተመለሰ። እርስዎ ግን "ሁለት ዓመት ይውሰድ" ያሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒት ልጁን እያደነዘዘው፣ ጡት አፉ ውስጥ እያለ ያንቀላፋል፤ እየከሳብን ነው፣ አንጀቴን ይበላኛል። "የጻፈው ይሰርዘው" በእነዚያ ሐኪሞች ተብለናልና፣ ስሕተትዎን አምነው መድኃኒቱን እንዲያስቆሙልን በትሕትና እለምናለሁ።

ለሳይንስ ካለኝ አክብሮት፣ ለመርፌዎ ካለኝ ፍርሃት ጋር፣
አናሴይኒ ፎኑዋ

ማሳሰቢያ፦ ለልጁ ስም የማወጣው እኔ ነኝ፤ የሚጠመቀውም የፊታችን እሑድ ነው። እስከዚያ ካልሰረዙት ስሙ "ሐቬአ የወጋው" ይባላል። ትምህርት ቤትም፣ ሠርጉም ላይ፣ ሰው "ለምን?" ሲል እንነግረዋለን። የዋና ከተማው ሐኪሞች እንዳሉት ደግሞ ፍጹም ጤነኛ ስለሆነ፣ ረጅም ዕድሜ ይኖራል።