የኩኩ ጫጩት በሱቄ ታዛ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ጤናህን እንዴት ይዞሃል? ሚስትህስ፣ ልጆቹስ? አባባስ ጉልበቱ ተሻለው ወይ? እኔም ልጄም በጤና በኩል ደህና ነን። ሆዴ ግን ባንተ ቆስሏል፤ ሳልሸፋፍን ልንገርህ።

ከሱቄ ታዛ ሥር አንዲት ትንሽ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ውሎዬን የመጻፍ አመሌን ታውቃለህ፤ ዘንድሮ የእሷንም ውሎ ስጽፍ ከረምኩ። ኩኩ የሚሏት ወፍ ከማዶ ዛፍ ላይ አድፍጣ ትጠብቃት ነበር። ባለጎጆዋ ምግብ ፍለጋ ስትወጣ ገብታ አንድ እንቁላል አነሳች፣ በምትኩ የራሷን ጥላ ከመቅጽበት ሄደች። መልኩ ያው ስለሆነ ባለጎጆዋ ታቀፈችው። ጫጩቱ ገና ዓይኑ ሳይገለጥ፣ ላባ ሳያወጣ፣ የቀሩትን እንቁላሎች በጀርባው እየገፋ መሬት ላይ ፈጠፈጣቸው። አሁን ከአሳዳጊው በላይ ገዝፎ አፉን ከፍቶ ይጮኻል፤ እሷ ትከሻው ላይ ቆማ ታጎርሰዋለች።

አንተም የሚስትህን ወንድም "ቤት እስኪያገኝ ነው" ብለህ ስትልክልኝ፣ አስቀድመህ "ያን ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አሰናብቺው፣ ለልጁ ቦታ ይሁነው" አልከኝ። ሰማሁህ፤ ስንት ዘመን ሱቄ ውስጥ የሰፋውን ሰው አሰናበትኩ። እንግዳው የልጄን ክፍል ወሰደ፤ እሷም አኩርፋ የአባቷ እህት ዘንድ ገባች። በእኛ ሥራ ጨርቅ የሚለካ ብዙ ነው፤ ለደንበኛ ባለሱቅ ማለት መቀስ የያዘው ነው። ዕቃ ላመጣ የሄድኩ ቀን መቀሴን ሰጠሁት፣ ስመለስም መልሼ አልተቀበልኩትም። ባለፈው ሳምንት ለአንዲት ደንበኛ የመጋረጃ ዋጋ ስነግራት፣ "እትዬ፣ አንቺ ተይው፣ ባለሱቁን ጥሪልኝ" አለችኝ። እሱም ከጓዳ ብቅ ብሎ "እሷ እኮ የምታግዘኝ ናት" ብሎ ሳቀ። በገዛ ሱቄ!

በጫጩቱ ብዙም አልተናደድኩ፤ ሲፈለፈል ያገኘው ጎጆ ነው። ደሜን የሚያፈላው ከማዶ ዛፍ ላይ የተቀመጠችው ናት። አንተ በየእሁዱ ስትደውል አንድ ቀን እንኳ "እህቴ፣ ደህና ነሽ?" ሳትል "ልጁ ተመችቶታል?" ትላለህ።

ትናንት መቀሴን ከእጁ ተቀበልኩ። "ቀልድሽን ነው?" አለኝ። "ጨርቅ እንጂ ቀልድ አልሸጥም" አልኩት። ሻንጣውን ራሴ አስሬ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኩት። ልብስ ሰፊው፣ ተመለስልኝ ልለው ብሄድ፣ ደጁ ላይ አቁሞኝ የልቡን ከተናገረኝ በኋላ፣ ዛሬ የስፌት መኪናውን መልሶ አስገብቷል። ልጄ ግን አልመጣችም። ክፍልሽ ተጠርጓል ብላት፣ "ጋሼ ሌላ እስኪልክ ነው?" አለችኝ። ለዚህ መልስ ያለው አንተ ዘንድ ነው። ደውለህ ለራሷ ንገራት።

አባባን ጉልበቱን ሳምልኝ። ልጆችህን እያገላበጥክ ሳምልኝ፤ እነሱ ምን አደረጉኝ። ሚስትህን "ወንድምሽ ተመልሶልሻል፣ አልጋ አንጥፊ" በልልኝ። ያንተን ሰላምታ ልጄ ቤቷ ስትገባ እልክልሃለሁ።

እህትህ
ከጨርቅ ተራ፣ ከሱቄ
መጋቢት 12 ቀን