ከግድግዳው ወዲያ የሳለችው

ሐሙስ

ብርጭቆዋን ከእኛ ብርጭቆ ለየሁት። እያየችኝ።

እማዬ ዘርፌ የአባቴ እህት ናት። እናቴ ስትሞት ወደ አገሯ ቸሃ ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች አክስቴ ብያት አላውቅም። ዛሬ ከእምድብር በሚኒባስ መጣች። እሁድ ልጄን ፌቨንን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ከመኪናው ከወረደች ጀምሮ ትስላለች፤ አክታዋ ቢጫ ነው፤ ግንባሯን ስነካው ያቃጥላል።

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ መዋሸት አይገባኝም። መጀመሪያ የመጣልኝ «ቲቢ ቢሆንስ? የሚያገባት ልጅ ቤተሰቦች ቢሰሙስ?» የሚል ነው። የፈራሁት ለሷ አልነበረም፤ ለእሁድ ነው።

ዓርብ

ከሳሎኑ ጀርባ ባለችው፣ የስፌት ጨርቅ በማስቀምጥባት ክፍል አስተኛኋት። «እዚህ ጸጥ ይልልሻል» አልኳት። ባለቤቴ ምትኩ ሐኪም ቤት እንውሰዳት አለ። ሰኞ አልኩት። የልጁ እህት እዚያ ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። ወልቂጤ እንደሆነች ሰው ሳያይሽ የምትገቢበት በር የላትም።

ማር በሎሚ ሰጠኋት። ሕሊናዬን ለማስተኛት እንጂ ሳሉንማ ምን ሊያደርገው።

ቅዳሜ

ሥጋው ገና አልመጣም። ቆጮው ደርሷል። ወንበር ከጎረቤት። መጋረጃው አጥሮብኛል፣ ጫፉን ፈትቼ እንደገና ሰፋሁት።

እማዬ ግድግዳውን ይዛ ወጣችና «ጎመኑን ልቀንጥስልሽ» አለች። ጎረቤቶቼ ሊያግዙኝ መጥተው ነበር። «ተይው፣ ግቢና ተኚ» አልኳት፣ ቶሎ ብዬ። እጆቿን አይታ ተመለሰች። ስትሄድ ትንፋሿ አጥሮ ነበር፤ አይቻለሁ። አይቼ ወደ ጎመኑ ዞርኩ።

እሁድ

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ተጸለየ፣ ተበላ። ፌቨን ተሰጠች።

የልጁ አባት «ያሳደጉሽ አክስትሽስ የሉም እንዴ? ምርቃታቸውን ፈልገን ነበር» አሉኝ። «ከእምድብር መምጣት አልተመቻትም» አልኩ። ይህን ስል ከግድግዳው ወዲያ ሳሉ ተነሳ። ሁሉም ወደዚያ ዞሩ። «ማን ናት?» አሉ።

«ተከራይ ናት» አልኳቸው።

ሳሉ ወዲያው ቆመ። ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ሰዎቹ እንደወጡ በሩን ስከፍት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ፣ ላብ አጥምቋት፣ ከንፈሯ ጠቁሮ አገኘኋት። ፌቨን ከኋላዬ ቆማ ነበር። «እማ፣ ምን ነክቶሽ ነው?» አለችኝና በዚያው የሽምግልና ቀሚሷ ሮጣ ባጃጅ አቆመች። እኔ አይደለሁም ያቆምኩት።

ሰኞ

ኦክስጅን ላይ ናት። ቲቢ አይደለም፤ ሳንባ ምች ነው።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ አስረዳችን። ባክቴሪያ ሳንባዋ ውስጥ ገብቷል። ነጭ የደም ሴሎቿ ከደም ሥሯ እየወጡ ወደዚያ ጎርፈዋል፤ ባክቴሪያውን ይውጡታል፣ ይገድሉታል፣ ብዙዎቹም እዚያው ይሞታሉ። አክታውን ቢጫ ያደረጉት እነሱ ናቸው። «ታዲያ ለምን መተንፈስ አቃታት?» አላት ምትኩ። «ሳንባው ሲቆጣ ፈሳሽ አብሮ ይገባል። አየር የሚገባባቸው ትንንሽ ከረጢቶች ይሞላሉ። ትግሉ ሲረዝም ደግሞ ሴሎቹ የሚረጩት ነገር ራሱን ሳንባውን ይጎዳዋል። ለዚህ ነው መድኃኒቱ ቶሎ መጀመር ያለበት» አለችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «መቼ ነው የጀመራት?»

«ትናንት» አልኩ።

እማዬ ጭምብሉን ከአፏ ገፋ አድርጋ «ትናንት ነው» አለች። ያን ትንፋሽ የጨረሰችው ለእኔ ውሸት ነው።

ማክሰኞ

ዶክተሯን ኮሪደር ላይ ጠብቄ እውነቱን ነገርኳት። ከሐሙስ ጀምሮ መሆኑን፣ ለምን እንዳላመጣኋት ጭምር። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ካርዱ ላይ አስተካክላ ጻፈችና «እሺ፣ ማወቃችን ጥሩ ነው» ብላ ሄደች።

ትኩሳቱ አልበረደም። ፌቨን አታናግረኝም፤ አልጋው አጠገብ ግራና ቀኝ ተቀምጠን በእማዬ በኩል ነው የምንነጋገረው።

ሐሙስ

ትኩሳቱ ለቀቃት! አጥሚት ጠጣች። የደም ምርመራው ተደገመ፤ ነጭ ሴሎቹ እየቀነሱ ነው። ድሮ ቢሆን መቀነስ ሲባል እደነግጥ ነበር። አሁን የሚያሯሩጣቸው እያነሰ ነው ማለት ነው። ሳንባው ግን እስኪጠራ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሳሉም ቶሎ አይተዋትም ተባልን።

ብቻችንን ስንሆን «ተከራይ ብዬሽ ነበር» አልኳት።

«ሰምቻለሁ። ግድግዳሽ ስስ ነው።»

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት «ሰዎቹ በደንብ በሉ?» አለችኝ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አላባበለችኝም። ልክ ነበረች።

ቅዳሜ

ነገ ትወጣለች። ሳሎን አልጋ ዘርግቼ ነበር፤ «ወደ ቤቴ ነው የምሄደው» አለች። ቂም ይዛ ይሁን ቤቷ ናፍቋት አላወቅኩም። መጠየቅም አፈርኩ።

«አብሬሽ ሄጄ እስክትጠነክሪ አስታምምሻለሁ» አልኳት።

«ስፌት ቤቱስ?»

«ዘግቼዋለሁ።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ኋላ ግን እግሮቿን ሰብሰብ አድርጋ አልጋው ጫፍ ላይ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩ።