«ለቃሚዎቹ ያጉረመርማሉ»

እማዬ፣

አንቺ ከተለየሽን ወዲህ ቡናው ሁለት ጊዜ ቀላ። ዘንድሮም ለቃሚው ወጥቷል። ቤታችን ግን አንቺ እንደተውሽው አይደለም። አንቺና ጓደኞችሽ ተውኔቱን ትለማመዱባት የነበረችውን የፊት ክፍል ወንድሜ ለባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አከራያት። አሁን የምትሸተው ጎማ ጎማ ነው። አልተጣላሁትም። ንዴቴን ለሌላ ነገር ጨርሼው ነበር።

የከተማችን ኮሌጅ ተውኔታችሁን እንደገና ሊያሳይ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ልምምዱን አየሁ። የቡና ነጋዴው ግቢ፣ ሚዛኑ፣ ጆንያው፣ ሁሉም አለ። ከዚያ ለቃሚዎቹ ገቡ። አንቺ የምትገቢበት ቦታ። ሻሽሽን አጥብቀሽ፣ ነጋዴው ፊት ቆመሽ፣ በኦሮምኛ «ቡነ ከነ ኤኙቱ ፉናኔ?» የምትይበት። ይህን ቡና ማን ለቀመው? አዳራሹ ይስቅና ጸጥ ይል ነበር። እኔ ከፊት ተቀምጬ፣ እግሬ መሬት ሳይደርስ፣ እናቴ ሰውዬውን ልትመታው ነው ብዬ እፈራ ነበር።

የኮሌጁ ልጆች ግን አንገታቸውን ደፍተው አጉረመረሙ። ከዚያ ወጡ። በቃ።

የተውኔቱ መጽሐፍ እንደዚያ ስለሚል ነው። ደራሲው ያንን ቦታ ባዶ ትቶላችሁ ነበር፤ «እናንተ ታውቁበታላችሁ፣ ሙሉት» ብሎ። ሲታተም ግን፣ ማን እንዳስገባው አላውቅም፣ በባዶው ላይ በቅንፍ «ለቃሚዎቹ ያጉረመርማሉ» የሚል ገባበት። ቀጥሎ የታተመው ሁሉ ያንኑ ቀዳ። መምህራኑም ያንኑ ያስተምራሉ፤ የተውኔቱ ጥልቅ ምስጢር የለቃሚዎቹ ዝምታ ነው ይላሉ። ዝምታ! የከተማችን መርካቶ ደላሎች የማይደፍሩሽን ሴትዮ!

ልጆቹን የሚያለማምደው አዘጋጅ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጨዋነቱ ነው የበለጠ የሚያናድደው። ያንቺን ንግግር ይመልስ ዘንድ ስለምነው፣ «እህቴ፣ የመጀመሪያው እትም ላይ የለም። ትዝታ ደግሞ እትም አይደለም» አለኝ። ስጨቀጭቀው፣ «እሺ፣ ንግግሩን ጻፊልኝና ልየው» አለ።

ጻፍኩ። ጥያቄሽን። ከዚያ በኋላ ያለው አልመጣም። ፊትሽ ይታየኛል፣ አፍሽ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማኝ ማጉረምረም ነው። መጽሐፉን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ እማዬ። እኔ ውስጥም ታትሟል።

አሰንዳቦ ወረድኩ፤ በተውኔቱ አብረውሽ ለቃሚ ሆነው ይሠሩ የነበሩት አዴ ዘሃራ ዘንድ። ሳቁብኝ። «ወላሂ፣ እናትሽ መች አንድ ነገር ደግማ ታውቅና! የማይለወጠው ጥያቄዋ ብቻ ነው። ሌላውን በዚያ ቀን መርካቶ የሰማችውን ጭቅጭቅ ይዛ ትመጣ ነበር እኮ። ነጋዴ ሆኖ የሚሠራው ምስኪን መልስ ሲፈልግ በላብ ይጠመቅ ነበር።»

ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ለካ የጠፋ ንግግር የለም። የጠፋው ባዶው ቦታ ነው።

ለአዘጋጁ ነገርኩት። ልጆቹ ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ ጥያቄሽን ይጠይቁና ከየቤታቸው የሰሙትን በየአፋቸው ይናገሩ አልኩት። «ባዶ ቦታ እንዴት ይጠናል?» ብሎ ሳቀ። «ደግሞ አንጋፋ ተውኔት እኮ ነው።»

ቀኑ ደረሰ፣ ታየ። አጉረመረሙ። ተጨበጨበ። ተነስቼ ጥያቄሽን ልጮኸው አፌን ከፍቼ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ የታመምኩ መስሏቸው ውሃ ሰጡኝ። ጠጣሁት።

ቤት ገብቼ በእኔ መጽሐፍ ላይ ያንን መስመር በነጭ ፍሉድ ሸፈንኩት። እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ከደረቀ በኋላ እጄ ብዕር አነሳ፤ የሆነ ነገር፣ አንቺን የሚመስል ነገር ሊጽፍበት። መልሼ አስቀመጥኩት።

ጥያቄሽን አልረሳም፣ እማዬ። ቡናው በቀላ ቁጥር እጠይቀዋለሁ። ያልሰማሁትን ግን በአፍሽ አላደርግም። ነጩ ነጭ እንደሆነ ይቆይልሽ።

ልጅሽ