አባቴን «ምንም አይሆኑም» ላሉት ሐኪም

ለተከበሩ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ሐኪም፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ምግብዎም የተስማማዎት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በጉበት ካንሰር የሞተው የጡረተኛው አውቶቡስ ሹፌር ታላቅ ልጅ ነኝ። ያነጋገሩኝ ሁልጊዜ ኮምፒውተርዎን እያዩ ስለነበር፣ ፊቴን ባያስታውሱት አልቀየምም። ለአባቴ ስላደረጉለት ሁሉ በአደባባይ ላመሰግንዎ ወድጃለሁ።

1ኛ. የምርመራው ውጤት በመጣ ቀን አባቴ «ዶክተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ከወንድሜ ጋር ተኳርፈናል፣ ጊዜ ከሌለኝ ልጥራው» ሲልዎ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው «አይዞዎት አባባ፣ ምንም አይሆኑም» አሉት። እኔን ግን ኮሪደር ላይ አስቀርተው፣ ሰው በመካከላችን እየተላለፈ፣ «ጉበቱ አልቋል፤ እንዳትነግሪው» አሉኝ። ይህን ሸክም አምነው ስላሸከሙኝ እጅ እነሳለሁ። አባቴም አመነዎት፤ አጎቴን «ስድን ራሴ ቤቱ እሄዳለሁ» እያለ ሳይጠራው ቀረ።

2ኛ. ሕመሙ ሲጠናበት ብደውል፣ በሽተኛው በአካል ካልቀረበ ማስታገሻ እንደማይታዘዝ በትሕትና አስረዱኝ። በአንሶላ ይዘን ደረጃውን ስናወርደው ያሰማውን ድምፅ እዚህ አልጽፈውም። ወረፋችን ደርሶ ስንገባ የጻፉለት የራስ ምታት ክኒን ነበር። መዋጥ አቅቶታል ብልዎ «ይሞክር» አሉኝ።

3ኛ. ቤት ድረስ ብቅ እንዲሉ ስለምንዎ «መጥቼ ምን አደርጋለሁ?» አሉኝ። አሁን ልመልስልዎ። አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጡ ነበር። ሲጠይቅዎ ይመልሱለት ነበር።

በመጨረሻ የነገርኩት እኔ ነኝ። ሸሚዙን እየቀየርኩለት «አባዬ፣ አትድንም» አልኩት። «ሐኪሙ ያውቁ ነበር?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ታዲያ ምነው?» አለ፤ ከዚያም ወንድሙን እንድጠራለት ጠየቀኝ።

አጎቴ ሲደርስ የአባቴ ዓይን ተገልጧል፤ አንደበቱ ግን ተይዟል። አጎቴ ተንበርክኮ «ይቅር በለኝ» አለው። ይቅር ብሎት እንደሆነ እስከ ዛሬ ይጠይቀኛል። እኔም ከእርስዎ በተማርኩት ደግነት «አዎ ጋሼ፣ ብሎሃል» እለዋለሁ።

ወንበርዎ ዘወትር እንዲመችዎ እየተመኘሁ፣ ወሰን የሌለው አክብሮቴን አቀርባለሁ።

ወረፋዋን ጠባቂ፣
የሹፌሩ ታላቅ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እናቴም በእርስዎ መዝገብ ሥር ያለች ታካሚ ናት። ሰሞኑን ደረቷን ሲያማት፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ጠየቀችኝ። በጣም ደግ ናቸው፣ ሰው ማስከፋት አይወዱም አልኳት። ሌላ ሐኪም ፈልጊልኝ አለችኝ።