የዶክተር ትንሳኤ ቦናን ኅልፈትና የመጨረሻውን የሕዋስ ቆጠራ በተመለከተ

የጌዴኦ የመገጣጠሚያ ጤና ጥናት ማኅበር መሥራችና የቤተ ሙከራው ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ትንሳኤ ቦና ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እሑድ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ54 ዓመታቸው ዲላ አርፈዋል። ማክሰኞም በትውልድ ስፍራቸው ወናጎ ተቀብረዋል። እኛ ባልደረቦቻቸው ከባድ ሐዘን ላይ ነን፤ ቤተ ሙከራው ጭር ብሎብናል።

በ2011 ዓ.ም. ወርቃ ላይ ቡና የሚያጥቡ ሴቶች ጉልበታችን አልታጠፍ አለን ብለው ሲያዋዩአቸው፣ በአጥንት ጫፍ ያለው ልም አጥንት፣ ማለትም ካርቲሌጅ፣ አንዴ ካለቀ ለምን እንደማይተካ መመርመር ጀመሩ። ከቄራ በሚመጣ የበሬ ጉልበት ሕዋሳቱን እየለዩ በሳህን ያሳድጉ ነበር። የእድገት ፋክተር የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ሕዋሳቱን ያበዛሉ፤ የታይሮይድ ሆርሞን ደግሞ ያበስላቸውና ወደ አጥንትነት ይገፋቸዋል። ሁለቱ አብረው ሲጨመሩ የትኛው ያይላል? እሳቸውን እንቅልፍ የነሳቸው ይህ ጥያቄ ነበር።

በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ሕዋሳቱ በመስቀልና በገና ሰሞን ምንም ሳይጨመርላቸው ይበዙ ነበር። እነሱም በዓል ያውቃሉ እያልን ስንቀልድ እሳቸው አልሳቁም። የውጭው የሕዋስ ምግብ ጠፍቶ ስለነበር የቄራ ደም አርግተን ከላይ የሚቀረውን ጠራ ያለ ፈሳሽ እንመግባቸው ነበር። ቄራ ድረስ ሄደው ሲያጣሩ በበዓል በብዛት የሚታረደው ወይፈን ሆኖ ተገኘ፤ የወይፈን ደም ደግሞ የራሱ የእድገት ፋክተር ሞልቶታል። የሁለት ዓመት ውጤታቸውን በጉባኤ ፊት ራሳቸው ሰረዙ። እኛ አንገታችንን ስንደፋ እሳቸው ለአዲሱ ሙከራ ሳህን ያዘጋጁ ነበር።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመጨረሻውን ሙከራ ጀመሩ። ቆጣሪው እንዳያዳላ በየትኛው ሳህን ምን እንደተጨመረ፣ ሆርሞኑ ያይላል ከሚል ግምታቸው ጋር ጽፈው በፖስታ አሸጉ። ለቆጠራው አልደረሱም። በቀብሩ ዕለት ጠዋት የቤተ ሙከራ ባለሙያው ዘይኑዲን ሕዋሳቱን መግቦ ነው ወናጎ የደረሰው። ሐሙስ ቆጠራው አልቆ ፖስታው ተከፍቷል።

ለባለቤታቸው ለአቶ ኢዮስያስ፣ ለልጃቸው ለኤልሮኢ፣ ለወዳጅ ዘመዶቻቸውና ለማኅበሩ አባላት ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

ኤልሮኢ በለቅሶው ድንኳን፣ «የእማዬ ግምት ልክ ነበር?» ብላ ጠይቃን መልስ አልነበረንም። አሁን አለን። ልክ አልነበረም። ሁለቱ አብረው በተጨመሩባቸው ሳህኖች ያየለው የእድገት ፋክተሩ ነው፦ ሕዋሳቱ በዝተዋል፤ ካርቲሌጅነታቸውንም አልለቀቁም። አንድ ሙከራ ብቻውን ስለማይበቃ እንደግመዋለን። መሳሳታቸውን ቢሰሙ ከማንም በላይ የሚደሰቱት እሳቸው ነበሩ፤ ሮጠን የምንነግራቸው እሳቸውን አጣን።