እማዬ ስልክ ልታነሳ ወጥታ ኃላፊ ሆና ተመለሰች

ዲላ፣ ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከህንድ ሙቀትና ከማያልቅ ዶክትሬት ጋር እየታገልክ ላለኸው ለአባዬ፣

እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ቴሌግራም ላይ በጻፍኩልህ ቁጥር አውራ ጣት ስለምትልክልኝ፣ ቢያንስ አውራ ጣትህ ደህና መሆኑን አውቃለሁ። ይህን በወረቀት የጻፍኩት ወረቀት ላይ አውራ ጣት መላክ ስለማይቻል ነው። የሚያደርስልህ መምህር አማኑ ነው፤ አንተ ስትሄድ ገና ተማሪ የነበረው ረጅሙ ልጅ። አሁን እናንተ ክፍል ያስተምራል፤ ማክሰኞ ለአንድ ወር ሥልጠና ወደዚያ ይበርራል። መልስህን እስክትሰጠው አጠገብህ ቆሞ እንዲጠብቅ አዝዤዋለሁ። እሱም ሰው እምቢ ማለት አያውቅበትም።

አሁን ወደ ዜናው። እማዬ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆናለች። አዎ፣ ያቺው የምታውቃት እማዬ። ከሆነች ሦስት ወር አልፏታል። እንዳልነገረችህ አውቃለሁ፤ እሁድ እሁድ በስልክ ስለ ኔትወርክ ታወራላችሁ፣ ስለ ትንሹ ባርኮት ጥርስ ታወራላችሁ፣ ከዚያ ካርድ ያልቃል።

ስድስት ዓመት ሲሆንህ የክፍሉን አሠራር ረስተኸው ይሆናልና ላስታውስህ። ከላይ ዲኑ አለ፤ ደብዳቤ ይጽፋል። ከሥሩ የትምህርት ክፍል ኃላፊ አለ፤ ደብዳቤውን ይቀበላል፣ ይደነግጣል፣ ስብሰባ ይጠራል። ቀጥሎ አራቱ ዘርፎች አሉ፤ አናሊቲካል፣ ኦርጋኒክ፣ ኢንኦርጋኒክ፣ ፊዚካል። አራቱም የኬሚስትሪ ልብ እኛ ነን ይላሉ። ከሁሉም በታች የላቦራቶሪ ቴክኒሻኑ ጋሽ ገበየሁ አሉ። እሳቸው ስብሰባ አይገቡም፤ ስለዚህ ሥራ ይሠራሉ።

ኃላፊነቱን ማንም አይፈልገውም። ጥቅሙ አንድ ማኅተም፣ አንድ መሽከርከር የተወ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ከዚያ በየሴሚስተሩ የኮርስ ድልድል ሲወጣ «ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ለምን ለእኔ?» ብለው የሚያኮርፉ ሃያ ሁለት መምህራን ናቸው። ስለዚህ ምርጫ ሲደርስ ልማዱ የታወቀ ነው፤ የቀረ ሰው ይመረጣል። መጋቢት ላይ ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ሁሉም መጣ። አማኑ እንደነገረኝ፣ ጉንፋን የያዘው ሳይቀር በጋቢ ተጠቅልሎ መጥቷል። አንድ ሰዓት ተኩል ተፋጠጡ። ሽንት ቤት እንኳ የሚነሳ ጠፋ።

በዚህ መሐል እኔ ደወልኩ። ባርኮት ጭንቅላቱን በወንበር መደገፊያ መሐል አስገብቶ አልወጣ ብሎት ነበር። ለምን እንዳስገባው ብጠይቀው «ይገባ እንደሆነ ለማየት» አለኝ። ተመራማሪ ይወጣዋል። እማዬ ኮሪደር ወጥታ «ጆሮውን ዘይት ቀቢው፣ ደግሞ እንዳትጎትቺው» እያለች ስትመራኝ አራት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ስትመለስ ቤቱ በጭብጨባ ተቀበላት።

«ምን ተገኘ?» አለች።

ዶክተር ተክለብርሃን ተነሱ። መቼም እሳቸውን አልረሳሃቸውም፤ ከጎጃም በወጣትነት መጥተው ሠላሳ ዓመት ፊዚካል ኬሚስትሪ እያስተማሩ እዚህ ያረጁት።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ወለላ። በሙሉ ድምፅ ነው።»

«ሙሉ ድምፅ? እኔ መች ሰጠሁ?»

«ያንቺ በድምፀ ተዓቅቦ ተይዟል።»

ሳቁ እስከ ማግስቱ ብቻ ነበር። በነጋታው ጠረጴዛዋ ላይ የዲኑ ደብዳቤ ጠበቃት። ዘንድሮ ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ኬሚስትሪን የሚመርጡት ከሃያ ካነሱ ክፍሉ አዲስ ተማሪ አይቀበልም፤ ለሌሎች ክፍሎች ኮርስ እያስተማረ ብቻ ይቀጥላል፤ የመምህራኑ የትምህርት ዕድል ተራም ይሰረዛል ይላል። ያለፈው ዓመት መራጮች ዘጠኝ ነበሩ፤ ሁለቱ ኮምፒዩተሩ ላይ በስህተት ተጭነው ነው። ያኔ በምሕረት ታልፏል።

እማዬ ያንን ደብዳቤ ቤት ይዛው መጥታ የመጨረሻዋን መስመር ደጋግማ ስታነብ አይቻታለሁ። ተራው እንዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ፤ ከአንድ ዘርፍ አንድ ሰው ለዶክትሬት ይሄዳል፣ እሱ ሲመለስ ቀጣዩ ይሄዳል። ከአናሊቲካል አንተ ሄድክ። ቀጣይዋ እማዬ ናት። አራት ዓመት ነበር የተባለው። እኔ በሂሳብ ጎበዝ ስላልሆንኩ የቀረውን አንተ አስላው።

አሁን ክፍሉ ከተዘጋ ያ ሁሉ መጠበቅ ውኃ በላው ማለት ነው። እሷ ግን አላለቀሰችም፤ ስብሰባ ጠራች።

ግንቦት ላይ ተማሪዎች ከመምረጣቸው በፊት የማስተዋወቂያ ቀን አለ፤ እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል አዳራሽ ገብቶ አሥራ አምስት ደቂቃ ራሱን ያስተዋውቃል። አምና በእኛ በኩል ዶክተር ተክለብርሃን ስለ ኢንትሮፒ፣ ነገር ሁሉ ስለሚበታተንበት ሕግ፣ አርባ ደቂቃ ተናገሩ። አዳራሹ ራሱ ኢንትሮፒ ሆነ፤ ተማሪው ባገኘው በር ሁሉ ወጣ። ዘንድሮም ንግግራቸውን አሻሽለው፣ ማለትም አስረዝመው፣ ጨርሰዋል።

እማዬ «ዘንድሮ ንግግር የለም» አለች። ተማሪው ከየዶርሙ ውኃ በሃይላንድ ይዞ ላቦራቶሪ ይምጣ፣ ጋሽ ገበየሁ ይመርምሩለት፣ የሚጠጣውንና የሚታጠብበትን ነገር በዓይኑ ይይ አለች። ኦርጋኒኮቹ «ሽታ የሌለው ነገር ማንን ይስባል?» ብለው ተከፉ። ዶክተር ተክለብርሃን ግን ከወንበራቸው ተነሱ።

«ቴክኒሻን ክፍሉን ሊወክል ነው? በየትኛው ደንብ?»

አባዬ፣ እዚህ ጋ ምን እንደረሱ ልንገርህ። እማዬን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ጽሕፈትሽ ያምራል» እያሉ ቃለ ጉባኤ ያስያዟት እነሱ ናቸው። ከሃያ ሦስት ሰው መሐል ብቸኛዋ ሴት ስትሆን ጽሕፈትህ ማማሩ አይቀርም። ሌላው ሲከራከርና ሲረሳ እሷ ስትጽፍ ኖራለች። መሳቢያዋን ሳብ አድርጋ አንዱን መዝገብ ገለጠች።

«ኅዳር 2009፣ አጀንዳ ሦስት» ብላ አነበበች። «ላቦራቶሪው ለአዲስ ተማሪዎች ጉብኝት ክፍት እንዲሆን፣ ጎብኚዎችንም ቴክኒሻኑ እንዲያስተናግድ ተወስኗል። ሐሳቡን ያቀረቡት ዶክተር ተክለብርሃን። ሐሳቡን የደገፉት ዶክተር ተክለብርሃን።»

«እኔ ነኝ?»

«ፊርማዎትን ይዩት።»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩ፣ አድርገው አዩ። «ጥሩ ሐሳብ ነበር» ብለው ተቀመጡ።

በማስተዋወቂያው ቀን ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ይህን በመልስህ ላይ እንዳታነሳው። ጠዋት የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍሎቹ ትልቅ ስፒከር አቁመው ግቢውን ሲያናውጡት፣ ቢዝነሶቹ ቲሸርት ሲያድሉ፣ እኛ ጋ የነበርነው እኔ፣ ጋሽ ገበየሁና አንድ መንገድ የጠፋው ልጅ ነን። እማዬ ቢሮዋና ላቦራቶሪው መሐል ስትመላለስ ጫማዋ አለቀ። አራት ሰዓት ሲሆን ትንሳኤ የምትባል የወናጎ ልጅ ሁለት ሃይላንድ ይዛ ብቅ አለች፤ አንዱ የዶርሟ ውኃ፣ ሌላው እናቷ ከሚቀዱት ምንጭ ቅዳሜ ይዛው የመጣችው።

ጋሽ ገበየሁ ውኃውን በብርጭቆ ቀድተው ቅመም ጨመሩበት፤ ሁለቱም እንደ ወይን ጠጅ ቀላ። ከዚያ ከረጅሟ ቱቦ አንድ አንድ ጠብታ ማንጠብጠብ ጀመሩ።

«ሰማያዊ እስኪሆን ቁጠሪ ልጄ። ብዙ ከጠጣ ውኃው ከባድ ነው።»

የወናጎው ምንጭ በአራት ጠብታ ሰማያዊ ሆነ። የዶርሙ በሠላሳ አንድ።

«ሳሙና አረፋ አላወጣላችሁ ብሏል አይደል?» አሏት።

«እንዴት አወቁ? ፎርጅድ ሳሙና ነው የምትሸጠው ብለን ባለሱቋን ተጣልተናታል እኮ።»

«ሂጂና ይቅርታ ጠይቂያት። ጥፋቱ የካልሲየም ነው።»

ትንሳኤ ለባለሱቋ ደውላ እንደሆነ አላውቅም፤ ለብሎኳ ግን ደውላለች። ስድስት ሰዓት ላይ ሰልፉ ከላቦራቶሪው በር አልፎ ደረጃውን ወርዶ ነበር። ብሎኮቹ በጠብታ እንደ ኳስ ቡድን መፎካከር ጀመሩ። «ብሎክ ሰባት ሠላሳ ስምንት» ሲባል ጭብጨባ ነው፤ ምን እንደሚያኮራቸው እንጃ። ከሰዓት በኋላ የኮምፒዩተሮቹ ሙዚቃ ዝም አለ፤ ሙዚቃ የሚያጫውተው ልጅ ሃይላንዱን ይዞ እኛ ጋ ተሰልፎ ነበር።

ዶክተር ተክለብርሃን መጀመሪያ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በር ላይ ቆሙ። ከዚያ ገባ አሉ። ከዚያ ነጭ ጋወናቸውን ለበሱ። ከዚያ አንዱን ተማሪ ጥግ ይዘው ስለ ኬሚካላዊ ሚዛን አርባ ደቂቃ አስረዱት፤ ልጁ ግን አላመለጠም፣ ጥያቄ ጠየቃቸው። ሠላሳ ዓመት የጠበቁት ጥያቄ ይመስል ፊታቸው በራ። ጋሽ ገበየሁ ሥራው ሲበዛባቸው «ዶክተር፣ እዚያ ጋ ብርጭቆ ይታጠባል» አሏቸው። ሄደው አጠቡ።

ምርጫው ሰኔ 13 ተዘጋ፣ ዝርዝሩ ሰኔ 16 ሰሌዳ ላይ ወጣ። እማዬ ለማየት አልወጣችም። ያልቆሸሹ ብርጭቆዎች እያጠበች «አንቺ ሂጂ» አለችኝ። ባርኮትን ትከሻዬ ላይ ሰቅዬ ሄድኩ፤ በነገራችን ላይ እንደ ከረጢት ቡና ከብዷል። ቆጥሬ እየሮጥኩ ተመለስኩ።

«አርባ ሦስት» አልኳት።

«እንደገና ቁጠሪ።»

ስመለስ ሰሌዳው ፊት ዶክተር ተክለብርሃን ቆመው በእስክሪብቶ እየነኩ ይቆጥራሉ። «አንድ ስም የተደገመ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። «አልተደገመም። አርባ ሦስት ነው ልጄ።» መጀመሪያ ላይ የተጻፈችው ትንሳኤ ናት። የሙዚቃው ልጅም አለበት።

እማዬ ይህን ስትሰማ የላቦራቶሪው ከፍተኛ ወንበር ላይ ወጥታ ተቀመጠችና ሳቀች። አፏን ሳትሸፍን፣ እንባዋ እስኪወርድ። ባርኮት ጎኔን ነካ አድርጎ «እማዬ ምን ሆና ነው?» አለኝ። እንደዚያ ስትስቅ እሱ አይቶ አያውቅማ።

ሐሙስ ዕለት ጉባኤ ነበር። የመጀመሪያው አጀንዳ የአርባ ሦስቱ ኮርስ ድልድል ነው። የአዲሶቹን ላቦራቶሪ፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ዶክተር ተክለብርሃን ራሳቸው ጠይቀው ወሰዱ። ሁለተኛው አጀንዳ የአናሊቲካል የትምህርት ዕድል ተራ ነበር። ጉዳዩ ራሷን ስለሚመለከት እማዬ መውጣት ነበረባት። እኔ ኮሪደር ላይ ስጠብቃት ነበር፤ አጠገቤ መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ውስጥ ያሉት ብዙ ጊዜ አልቆዩም፤ ለእኔ ግን አንድ ሴሚስተር ነበር።

ውስጥ የተባለውን አማኑ ነገረኝ። ዶክተር ተክለብርሃን ስለ አንተ ሲናገሩ «ወልደዮሐንስን እወደዋለሁ፣ እጄ ላይ ያደገ ልጅ ነው» አሉ። «ግን ተራ የሚባለው የሄደ ሲመለስ ነው። ይህችን ልጅ ስድስት ዓመት በር ላይ አቁመናታል። ሳትጠብቀው ትሂድ።» ሃያ ሁለቱም እጃቸውን አወጡ። እሷ ስትሄድ ኃላፊነቱን ማን ይይዛል ሲባል ደግሞ ሁሉም ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ሽማግሌው «በተጠባባቂነት እኔ እይዘዋለሁ» አሉ። ቃለ ጉባኤውንም እሷ ስለሌለች በራሳቸው እጅ ጻፉት። ጽሕፈታቸው ዶሮ የረገጠው ይመስላል፤ ውሳኔው ግን ይነበባል።

ስለዚህ አባዬ፣ እማዬ ጥቅምት ላይ ለዶክትሬቷ አዲስ አበባ ትገባለች። የምታጠናው የኮንጋ ቀበሌን የቡና ማጠቢያ ውኃ ነው። ጋሽ ገበየሁና ባለቤታቸው በየማታው ብቅ እያሉ ሊያዩን ቃል ገብተዋል። እኔ አሥራ ሰባት ሞልቶኛል፤ ምግብ አበስላለሁ፣ ባርኮትን እቆጣለሁ፣ መብራት ሲጠፋ አልጮህም። ደህና ነን። ይህን ሁሉ የጻፍኩት እንድትጸጸት አይደለም፤ ብትጸጸት ግን አልከለክልህም።

እንደ ኃላፊ ልጅ አንድ ማስታወቂያ አውጥቻለሁ፤ ብቁ ነኝ የሚል ሰው ብታውቅ ንገረው።

የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ አባት።
ብዛት፦ አንድ።
የሥራ ቦታ፦ ዲላ።
ተፈላጊ ችሎታ፦ የሰባት ዓመት ልጅ ጫማ ማሰር የሚያስተምር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ኬሚስትሪ የሚያስጠና።
የሥራ ልምድ፦ ጀምሮ ያቋረጠም መወዳደር ይችላል።
ደመወዝ፦ በስምምነት።
የምዝገባ ማብቂያ፦ መስከረም 30።

እዚህ ስደርስ እማዬ ከኋላዬ መጥታ ቆመች።

«ምን እየጻፍሽ ነው?»

«ለአባዬ ነው። ስለ ትምህርት ክፍሉ።»

ወረቀቱን በእጄ ሸፈንኩት፤ ምን ያህሉን እንዳነበበች አላውቅም።

«ትምህርት ክፍሉ ሰላም ብሎሃል በይው» አለች።

«ትምህርት ክፍሉ ብቻ?»

በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ነው የመለሰችልኝ።

«ኃላፊዋንም ጨምሪ።»

ጨምሬያለሁ። ኃላፊዋም ሰላም ብላሃለች።

ጌታ ባለህበት ይጠብቅህ፤ መንገድ ስትጀምርም አብሮህ ይሁን።

ልጅህ
ሩሃማ ወልደዮሐንስ

ግልባጭ፦
ለባርኮት ወልደዮሐንስ (ከፋሲካ ወዲህ ማንበብ ችሏል)