ሒሳብ አልቀበልም ያለው ባለታክሲ

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ታደሰ፦

እንዴት ከርመሃል፣ ወንድም ጋሼ? ጤናህስ እንዴት ነው? ድሬዳዋ አካባቢ ጎርፍ የበላውን ሐዲድና የሰበረውን ድልድይ ስትጠግኑ ውላችሁ ስታድሩ ያ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ሳልህስ ተወህ? እህል ትቀምሳለህ? እቴ የሺሐረግና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ለወጉ አይደለም። የወንድማችንን የቀናውን መርዶ ካረዱህ ወዲህ ድምፅህን አልሰማሁም። ከአንተ የደረሰኝ በባቡሩ ስልክ፣ በጣቢያ ሹሙ በጋሽ ዱጉማ አፍ የመጣው አንድ ቃል ብቻ ነው። እኛ እዚህ አቃቂ በሕይወት አለን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነን ብል ግን ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ ሰሞኑን በዝቶብኛልና ለአንተ አልጨምርበትም።

የላክህብኝ ቃል “እኔ ሳልደርስ እማዬ እንዳትሰማ፤ መጥቼ ከሽማግሌዎቹ ጋር እኔው አረዳታለሁ” የሚል ነበር። የበኩር ልጅ ነህ፣ ወጉም የአንተ ነው፤ እኔም እሺ ብዬ ነበር። ይህ ደብዳቤ ስለዚያ ነገር ነው። እማዬ ሰምታለች። አትቆጣ ብዬ አልለምንህም፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብበህ ተቆጣ። እንዴት እንደሰማች እንዲገባህ እኔ ራሴ ሰነዓ የገባሁ ለት እንዴት እንደሰማሁ ላጫውትህ፤ እሱን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም።

የቀናው ጓደኞች ከሰነዓ ደውለው ኩላሊቱ እንደጠናበት፣ ከቤተሰብ አንድ ሰው ቶሎ እንዲደርስለት ሲነግሩን፣ እማዬ የምሄደው እኔ ነኝ ብላ መነሣቷን ሰምተሃል። ከጣቢያው እስከ ቤት እንኳ ሳታርፍ የማትዘልቅ ሴትዮ። በስንት ልመና አስቀመጥናትና እኔ ተነሣሁ። ለቲኬቱ የፋብሪካችን ሴቶች አዋጡልኝ፣ እድሩም አገዘኝ። ጂዳ ሠርታ የተመለሰችው ጎረቤታችን ፀሐይቱ ደግሞ እንደ ተማሪ ቁጭ አድርጋ አስጠናችኝ። ከአውሮፕላን ስወርድ የሚከቡኝን ባለታክሲዎች እንዳላምን፣ ሻንጣዬን ከእጄ ሳልለቅ ዋጋ እንድቆርጥ፣ ሳልዋዋል እንዳልገባ፣ ሲያደርሰኝ መጀመሪያ ሻንጣዬን አውርጄ ከዚያ እንድከፍል። “አዲስ ሰው መሆንሽን ካወቁ ቆዳሽን ነው የሚገፉሽ” አለችኝ። እማዬም አጠገባችን ተቀምጣ በየመሃሉ “ሰማሽ? የሰው መዋጮ ነው የያዝሽው” ትለኝ ነበር።

እውነትም ስወርድ ከበቡኝ። ሁሉም በዓረብኛ ይጮሃል፣ አንዱ ሻንጣዬን ይጎትታል። እኔም ሻንጣዬን እንደ ሕፃን አቅፌ ቆምኩ። መቼም ታውቀኛለህ፣ ስፈራ ቁጡ ነኝ፤ በአማርኛ “ዞር በሉልኝ” ብዬ ስጮህ አንድ ቀጭን ሰውዬ ጉንጩን በጫት ወጥሮ እየሳቀ መጣና “እህቴ፣ የአቃቂ ነው የቃሊቲ ቁጣ?” አለኝ። ለካ ከሻንጣዬ ላይ አድራሻዬን አንብቧል። አወድ ነው ስሙ። አባቱ የመናዊ፣ እናቱ የእኛ አገር ሰው ናት። አባቱ ሞጆ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሱቅ ስለነበረው እዚያው ተወልዶ አድጎ፣ በጎልማሳነቱ ነው ወደ አባቱ አገር የሄደው። አማርኛው ከእኔ ይሻላል።

በሰው አገር እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት ምን ያህል ደስ እንደሚል አትጠይቀኝ። ቢሆንም ፀሐይቱ ያስጠናችኝን አልረሳሁም። ሰፈሩን ነገርኩትና ዋጋ ጠራ። ግማሹን አልኩት። “በዚህስ ነዳጁንም አልመልስ” አለ። “የሞጆ ልጅ ከሆንክማ ለአቃቂ ሰው ቀንስ እንጂ” ስለው “በጥቂት ጣቢያ ዝምድና ይህን ያህል አይቀነስም” ብሎ አሳቀኝ። እንደ ቅዳሜ ገበያ ተከራክረን፣ ሦስቴ ጥዬው ሄጄ ሦስቴ ጠርቶኝ፣ በመጨረሻ ተስማማን። ዶላሬን ወደ ሪያል ስመነዝር እንኳ እንዳያታልሉኝ አጠገቤ ቆመ። መኪናው ውስጥ ስገባ በራሴ ኮርቼ ነበር። ለቀናው ይህን ክርክሬን ስነግረው እንዴት እንደሚስቅብኝ እያሰብኩ ነበር የምሄደው።

መንገድ ላይ የአማርኛ ካሴት ከፈተልኝ። ባቡሩ አሁንም ይሠራል ወይ፣ ሞጆ ላይ አሁንም ልጆች በመስኮት ቆሎ ይሸጣሉ ወይ እያለ ይጠይቀኛል። እኔም እየመለስኩለት ቆየሁና “ወንድሜ ታሞብኝ ነው የመጣሁት፤ በነገርኩህ ሰፈር ጋራዥ ነው የሚሠራው፣ ቀናው ይባላል” አልኩት። ካሴቱን ዘጋው። “መካኒኩ ቀናው?” አለኝ። ታውቀዋለህ ወይ ስለው “ይህችን መኪና በእሱ እጅ ነው ያኖርኳት” አለኝ። እንዴት እንደሆነ ስጠይቀው “አላህ ያውቃል” አለና መንገድ መንገዱን ያይ ጀመር። እኔ ደግሞ ሞኟ፣ መንገዱ ተጨናንቆበት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ያ ወሬኛ ሰውዬ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣውም። መኪናውንም እንደ ሠርገኛ ቀስ አድርጎ ነዳ።

ጋራዡ በር ላይ አቆመ። መጀመሪያ ሻንጣዬን አወረድኩ፣ ቀጥዬ የተዋዋልነውን ሪያል ዘረጋሁለት። እጁን አልዘረጋም። “ይቅር፣ እህቴ” አለኝ። ያን ሁሉ በማከራከሬ ቅር ብሎት ነው ብዬ አፈርኩና ጨመርኩለት። እጆቹን ወደ ኋላው አደረገ። “ነዳጅ በነፃ ነው እንዴ የምትቀዳው?” ብዬ ልቀልድ ሞከርኩ። መሬት መሬቱን እያየ “ዛሬ ከአንቺ አልቀበልም” አለኝ።

አባባ ያረፈ ለት ትዝ ይልሃል? ከደብረ ዘይት በባቡር ተመልሰን ከጣቢያው ወደ ቤት ያመጣን ባለጋሪው ኦልጅራ ነበር፤ በአምስት ሳንቲም ከሰው የሚጣላው ኦልጅራ። በር ላይ ሲያደርሰን እማዬ ሒሳቡን ስትሰጠው “ዛሬስ አይሆንም” ብሎ ፈረሱን መለሰ። እማዬ አባባ መሞቱን ማንም ሳይነግራት እዚያው ነው ያወቀችው፤ ነጠላዋን ስትጥል ዓይኔ አይቷል።

ስለዚህ እኔም ቁርጤን አወቅሁ። ማወቁን ግን አልፈለግሁትም። ገንዘቡን በግድ ኪሱ ልከትበት ታገልኩት። ከተቀበለኝ ቀናው ያለ መሰለኝ። “በእናትህ ተቀበለኝ፣ እንደ ሌላው ሰው አስከፍለኝ፣ እንዲያውም የመጀመሪያውን ዋጋ ውሰድ” እያልኩ እጁን ይዤ ለመንኩት። ያ ጎልማሳ ሰው እንደ ልጅ አለቀሰ። “እህቴ፣ ብችል በተቀበልኩሽ” አለኝ። መኪናው በር ላይ ቁጭ አልኩ። እሱም አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ። መርዶ በጎዳና ስለማይነገር ቃሉን አልተናገረውም፤ የቀናው ጓደኞች አንገታቸውን ደፍተው ከግቢው እስኪወጡ ግን ትቶኝ አልሄደም።

ቀናው ያረፈው በዚያው ዕለት ጎህ ሲቀድ ነው፤ አወድም ጠዋት ሰምቶ ኖሯል። ለእኔ ብለው አቆይተውት ነበር። ፊቱን አይቻለሁ፣ ወንድም ጋሼ፤ ከስቷል እንጂ እሱው ነው። በማግስቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ለእንግዳ አገር ሰው በተሰጠ መሬት ቀበርነው። ሐበሻው ሁሉ ተሰብስቧል፣ አወድም አፈር ሲያለብስ ነበር። ብቻውን አልተቀበረም፤ ይህን በልብህ ያዘው። የምበግነው ግን እኔ ሻንጣ አቅፌ በዋጋ ስከራከር እሱ ተገንዞ መተኛቱን ሳስብ ነው። ያ ሁሉ ኩራቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አገሬ ገባሁና ጥቁር ልብሴን ፀሐይቱ ቤት ጥዬ፣ ያን አበባ ያለበትን ቀሚሴን ለብሼ እማዬ ፊት ቆምኩ። ማልቀሴ እንዳይታወቅ ዓይኔን በጨው ውኃ ታጥቤ “ተሽሎታል፣ ሐኪሞቹ ግን ገና አልለቀቁትም” አልኳት። ሳመችኝና ትጠይቀኝ ጀመር። ምን ይበላል? ልብሱን ማን ያጥብለታል? ጠጉሩ ሸብቷል ወይ? በእኔ እጅ የላከችለትን ፎቶግራፏን ሲያይ ምን እንዳለም ጠየቀችኝ። ለሁሉም ውሸት ፈጠርኩ። እሷ ደግሞ እያመሰገነች ትሰማኛለች። ያን ጊዜ የአንተን ቃል ምነው እሺ ባላልኩ ብያለሁ።

በዚህ መሃል ነው “ለመሆኑ ከአውሮፕላን ማረፊያው በምን ሄድሽ? ታክሲው አልዘረፈሽም?” ያለችኝ። እግዜር ያሳይህ፣ ከመጣሁ ጀምሮ እውነት የምናገርበት ነገር ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። ምላሴ ሮጠ። ሻንጣ ማቀፌን፣ ሰውዬው የሞጆ ልጅ መሆኑን፣ ሦስቴ ጥዬው መሄዴን አንድ ሳላስቀር ተረክኩላት። እማዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ “በስንት ተስማማችሁ? ስትከፍዪውስ አላጉረመረመም?” አለች። እኔም በዚያው ሩጫዬ “ኧረ እንዲያውም አልቀበልም ብሎኝ” አልኳት።

አፌን በእጄ ያዝኩ፣ ግን ወጥቷል። እማዬ ትንሽ አየችኝ። መሳቋን አቆመች። “ደግ ሰው ነው፤ ለእሱም ደግ ይዘዝለት” አለችና ተነሥታ የተሰጣውን ልብስ ልታስገባ ወጣች። ልብሱ ገና አልደረቀም ነበር።

አልገባትም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ቀናው አንድ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ስልክ ደውዪ አላለችኝም። ጎረቤቶች ፊታቸውን አስተካክለው እየመጡ “ልጅዎ እንዴት ሆነ?” ሲሏት “ይመስገን፣ ይሻለዋል” እያለች ትሸኛቸዋለች። የሚያውቁት እነሱ እንዳላወቁ ይሆናሉ፤ እሷ ታውቃለች፤ እኔ ማወቋን አውቃለሁ። አንድ መሶብ ቀርበን ሁለታችንም እንጀራውን እየቆረስን እንመልሰዋለን። ሰባራ ድልድይህን ስንት ጊዜ እንደረገምኩት አልነግርህም።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በሐዲዱ ዳር እንሂድ አለችኝ። ባቡር ከቆመ ወዲህ ሐዲዱ ዝጓል። ክንዴን ይዛ ጥቂት ከሄደች በኋላ “አሰጋሽ፣ ያ ሰውዬ አልቀበልም አለኝ ያልሽኝ ለት እኔም ሰምቻለሁ” አለችኝ። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ከለከለችኝ። “ዝም ያልኩት ለታደሰ ብዬ ነው። ትልቁ ልጄ ነው፣ እሱ ሊነግረኝ ይፈልጋል፤ መጥቶ ሲነግረኝ እንግዳ ሆኜ ልሰማለት ነበር ሐሳቤ። ግን ሌሊት ሌሊት ሳስበው፣ ያ ልጅ እዚያ ድንጋይ እየተሸከመ ለእናቴ ምን ብዬ ነው የምነግራት እያለ ነው የሚውለው። ለምን በዚህ ይቃጠላል? ጻፊለት። እናትህ ሰምታለች በዪው። መርዶ ነጋሪ ሆኖ አይምጣ፣ ልጄ ሆኖ ይምጣ” አለችኝ። እኔ ጮኼ ሳለቅስ እሷ ጀርባዬን ታሻሸኝ ነበር። መንገደኛ ሲያልፍ “ሆዷን አሟት ነው” አለችልኝ።

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ደብዳቤውን ከቃሊቲ ጭነት ይዞ ወደ ድሬዳዋ ለሚመጣው ለሾፌሩ ለያደታ ሰጥቼዋለሁ። እንዳነበብከው አብረኸው ተመለስ፤ ጋቢናው ውስጥ ቦታ እንዲይዝልህ ነግሬዋለሁ። ለአለቆችህ የምትለውን በል። ድልድዩን ሌላ ሰው ይሥራው።

ለእቴ የሺሐረግ ከእግር እስከ ራስ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ብትችል አብራህ ትምጣ። ልጆቹን አንድ በአንድ አገላብጠህ ሳምልኝ፣ ስለ አጎታቸው ግን እናታቸው ቀስ ብላ ትንገራቸው። ጋሽ ዱጉማ ጽና ብሎሃል፤ እንደመጣህ ከጎንህ ነው የምቆመው ይላል። ፀሐይቱም እየተላቀሰች ሰላም ብላሃለች፤ ያን ሁሉ ምክሯን እያሰበች ከእኔ ብሳ ታለቅሳለች። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን አዘጋጅተው የአንተን እግር ብቻ ይጠብቃሉ።

እማዬም ሰላም ብላሃለች። እስካሁን አላለቀሰችም፣ ወንድም ጋሼ። ለምን ስላት “አንዴ ድምፄን ካሰማሁ ሰፈሩ ይወጣል፣ ለቅሶው ይደርቃል፤ ታደሰ ሲመጣ ሰው ተበትኖ ያገኘዋል። ወንድሙን ብቻውን አላስለቅሰውም” አለችኝ። ጠዋት ተነሥታ ፊቷን ትታጠባለች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ትለብሳለች፣ በሩ ላይ ትቀመጣለች። ቶሎ ና።

እህትህ አሰጋሽ

አቃቂ በሰቃ፣ ነሐሴ ፳፬ ቀን ፲፱፻፹፰ ዓ.ም.